ለቤተሰብ ጉዞ የድንኳን ልክ አመራረጥ፦ «ባለ 6» ስንት ሰው ያስተኛል?

ድሬዳዋ ላይ ታኅሣሥ ሲቃረብ፣ ሐምሌም ሲገባ የቁልቢ ጉዞ ይነሳና ያው ጥያቄ ይመጣል፦ «ስድስት ነን፣ ባለ 6 ድንኳን ይበቃናል?» ልጆቹን ይዞ ባቢሌ ወይም አዋሽ ፓርክ ሁለት ሌሊት ሊያድር ያሰበ ሰውም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

አይበቃም። ቦርሳው ላይ ያለው ቁጥር ሰዎች እንደ ክብሪት እንጨት ጎን ለጎን ተደርድረው፣ ሻንጣ ሳይኖር፣ ማንም ሳይገላበጥ የተቆጠረ ነው። የድንኳን ልክ የሚታወቀው ቤታችሁ ወለል ላይ ነው፤ ከዚያ ደግሞ የምትሄዱበት መሬትና የምትጭኑበት መኪና ያስተካክሉታል። ስለዚህ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት የሚከተሉትን እርምጃዎች በተራ ሥሩ። መጀመሪያ ድንኳን ገዝቶ በኋላ መለካት የሚያመጣው ጣጣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ ማደር ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለመለካትና ለመምረጥ፦
- ባለ 5 ሜትር መለኪያ ሜትር
- ጠመኔ ወይም የወረቀት ስኮች
- እዚያ የምትተኙባቸው ፍራሾችና ብርድ ልብሶች ራሳቸው
- ጥሩ ብርሃን ያለው የእጅ ባትሪ
- የሻንጣ ሚዛን

ለመትከል፦
- ከባለ 10 ፌሮ የተቆረጡ 24 ካስማዎች (አሠራሩ እርምጃ 7 ላይ አለ)
- ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የናይለን ገመድ፣ 40 ሜትር
- ባለ 2 ኪሎ መዶሻ
- ከድንኳኑ ወለል በታች የሚነጠፍ የላስቲክ ሸራ
- 4 ባዶ ማዳበሪያ (አሸዋ ላይ ለሚተክል)
- ሲባጎ፣ ወፍራም መርፌ፣ ሰፊ ስኮች
- ድንኳኑ በፋይበር ዘንግ የሚቆም ከሆነ አንድ መለዋወጫ ዘንግ

1. የሚያድረውን ሰው በስም ጻፉ

«ስድስት ነን» አይበቃም። ማን ሌሊት እንደሚነሳ፣ ማን ጉልበቱን እንደሚያመው፣ የትኛው ልጅ በእንቅልፉ እንደሚራገጥ ጻፉ። ሌሊት የሚነሳ ሰው በር አጠገብ ካልተኛ አምስት ሰው ረግጦ ነው የሚወጣው። ጎረምሳ ወንድ ልጅና ጎረምሳ ሴት ልጅ ካሉ መጋረጃ ወይም ሁለተኛ ድንኳን ያስፈልጋል፤ ይህ ከወዲሁ ካልታሰበ ቦታው ላይ ደርሶ አይፈታም። ቁልቢ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ «እዚያው እንገናኛለን» ያለ ዘመድ መኖሩን ጠይቁ። መገናኘቱ ብዙ ጊዜ ማደርንም ይጨምራል።

2. ሳሎኑን አጽዱና ወለሉ ላይ አስምሩ

ከሁሉም እርምጃ በላይ ውጤት ያለው ይህ ነው፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ጠረጴዛውን አውጡ፣ ፍራሾቹን አንጥፉ፣ ሁሉም ሰው ይጋደም። ቆሞ መገመት ሁልጊዜ ያሳስታል፤ ሰው ሲተኛ ክርኑ ይወጣል፣ ጉልበቱ ይታጠፋል።

ለስፋት የምትይዙት ልክ፦ ለአዋቂ 75 ሳንቲ፣ ከ10 ዓመት በታች ላለ ልጅ 55 ሳንቲ፣ ለአረጋዊ ወይም ለነፍሰ ጡር 90 ሳንቲ። ለርዝመት፦ የሰውየው ቁመት ሲደመር 30 ሳንቲ። እነዚያ 30 ሳንቲዎች ትርፍ እንዳይመስሏችሁ። የድንኳን ግድግዳ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ ጭንቅላት ወይም እግር ሸራውን ከነካ ደግሞ ንጋት ላይ ያ ቦታ እርጥብ ነው። አንድ ሰው ሌሊቱን ሲተነፍስ ከአንድ ብርጭቆ በላይ ውሃ በእንፋሎት ያወጣል፤ እንፋሎቱ ቀዝቃዛውን ሸራ ሲነካ ጤዛ ይሆናል። «ድንኳኑ አፈሰሰ» ከሚባለው ውስጥ ብዙው ዝናብ ሳይሆን ይህ ነው።

በቁጥር እንየው። አባት፣ እናት፣ አያት፣ ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ሦስት ልጆች። አባትና እናት 150 ሳንቲ፣ አያት 90፣ ልጆቹ 165። ሁሉም በአንድ መስመር ቢተኙ 4 ሜትር ከ5 ሳንቲ ይሆናል። ባለ 6 የሚባለው ድንኳን ብዙውን ጊዜ 3 ሜትር በ3 ሜትር ገደማ ስለሆነ በአንድ መስመር አይገቡም፤ እግር ለእግር በሁለት መስመር እንሞክር። የአዋቂዎቹ መስመር 2 ሜትር ከ10 ርዝመት ይፈልጋል (የአባት ቁመት 1.80 ነው ብለን)፤ የልጆቹ፣ ትልቁ 1.30 ከሆነ፣ 1 ሜትር ከ60። ሲደመር 3 ሜትር ከ70። አሁንም በ3 ሜትር ወለል ላይ አይሆንም። 4 በ3 በሆነ ወለል ላይ ግን ይገባል፦ የአዋቂዎቹ መስመር ከ3 ሜትሩ ስፋት 2 ከ40 ይወስድና 60 ሳንቲ ለአያት መውጫ ይተርፋል፤ በልጆቹ በኩል 1 ሜትር ከ35 ለሻንጣ ይቀራል። ይህ ወለል ሱቅ ውስጥ «ባለ 8» ተብሎ ነው የሚሸጠው።

ልኩ ከወጣ በኋላ ዙሪያውን በጠመኔ አስምሩና በር የሚሆነውን ቦታ ምረጡ። ከዚያ አንዱ ልጅ «ሽንት ቤት» ብሎ እንዲነሳ አድርጉ። ማንንም ሳይረግጥ ከወጣ ልኩ ይህ ነው።

3. የሱቁን ቁጥር ወደ እናንተ ቁጥር ቀይሩ

ባለ 4 ድንኳን ስፋቱ 2 ሜትር ከ10 ገደማ ነው፤ ለአራት ሲካፈል ለአንድ ሰው 52 ሳንቲ ይደርሳል። ባለ 6 እና ባለ 8 የሚባሉትም ሲካፈሉ 50 ሳንቲ አካባቢ ናቸው። በሜዳ አልጋና በስፖንጅ ፍራሽ ለለመደ ሰው ይህ አይሆንም። ስለዚህ ቁጥሩን ለ1.5 አካፍሉት፦ ባለ 4 ለሁለት አዋቂና ለአንድ ትንሽ ልጅ፣ ባለ 6 ለአራት፣ ባለ 8 ለአምስት አዋቂ ወይም ከላይ እንዳየነው ለሦስት አዋቂና ለሦስት ትንንሽ ልጆች።

ከሁሉም የሚሻለው ግን ቁጥሩን ትቶ የወለሉን ልክ መጠየቅ ነው። ሻጩ «ባለ 8 ነው፣ ትልቅ ነው» ካለ ሜትራችሁን አውጡ። ቦርሳው ወይም ውስጡ ያለው ወረቀት ላይ የተጻፈው ልክ አንዳንድ ጊዜ በረንዳውንም ጨምሮ ነው፤ በረንዳው ወለል ስለሌለው ሰው አያስተኛም። የመኝታውን ክፍል ብቻ ለዩት።

ፍራሻችሁም ልክ አለው። ባለ 90 ሳንቲ ስፖንጅ ፍራሽ ሦስት ጎን ለጎን 2 ሜትር ከ70 ነው፤ ባለ 1.20 ሁለት ሲሆን 2 ከ40። በግምት «ይገባል» ተብሎ የተገዛ ድንኳን ፍራሹ ጫፉ ታጥፎ ግድግዳ ሲገፋ ያድራል።

4. አንድ ትልቅ ወይስ ሁለት መካከለኛ?

ከአምስት ሰው በላይ ከሆናችሁ ሁለት ድንኳን ይሻላል፤ ይህን አስረግጠን ነው የምንናገረው። 4 በ3 የሆነ ድንኳን ከነገመዱ 6 በ5 ሜትር ያህል ደልዳላ መሬት ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ገመድ በእያንዳንዱ ጎን አንድ ሜትር ያህል ይወጣል። ተዳፋትና ድንጋይ በበዛበት መሬት ላይ 30 ካሬ ሜትር ሜዳ ማግኘት ከባድ ነው፤ በክብረ በዓል ቀን ቁልቢ ላይ ደግሞ ሰው እንደ ጎርፍ ሲመጣ የማይታሰብ ነው። ሁለት ትንንሽ ቦታዎች ግን ይገኛሉ። አንዱ ዘንጉ ቢሰበር ሁሉም ሰው ውጭ አያድርም።

ከላይ ያየነው ቤተሰብ ቢሆን አያትና ሁለቱ ትልልቅ ልጆች ከነሻንጣው ባለ 6ቱ ውስጥ፣ ወላጆችና ትንሿ ባለ 4ቱ ውስጥ ይሆናሉ። የወላጆቹ 2 ሜትር ከ5 ስለሚሞላ እዚያ ሻንጣ አይገባም።

አንድ ትልቅ የሚመረጠው ልጆቹ ሁሉ በጣም ትንንሽ ሲሆኑና ብቻቸውን ለማሳደር የማይቻል ሲሆን ነው። የዕድር ድንኳን ልንወስድ ብለን አስበናል ለምትሉ፦ ወለል የለውም፣ ከሥር ነፋስና ውሃ ያስገባል፣ ምሰሶው የጭነት መኪና ይፈልጋል። ለቀን ጥላ ጥሩ ነው፤ ለመኝታ አይሆንም።

5. የምትሄዱበትን ቦታ ልክ አስገቡ

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፤ ቁልቢ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ስለሚያድር መሬቱ ሙቀቱን በፍጥነት ያጣል፤ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ያለው ብርድ ከድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር በቲሸርት ለወጣ ሰው የሚቻል አይደለም። እዚያ የድንኳን ትልቅነት ራሱ ጠላት ነው፦ ሦስት ሰው የተኛበት ባለ 10 ድንኳን በሰው ትንፋሽ አይሞቅም። ለቁልቢ ታኅሣሥ ልኩን ከማስፋት ይልቅ ከሥር የሚነጠፈውን አወፍሩ፤ ብርዱ በብዛት የሚመጣው ከመሬት ነው። የላስቲክ ሸራ፣ ከላዩ ሰሌን፣ ከዚያ ስፖንጅ፤ ጋቢውን ከላይ ብቻ ሳይሆን ከሥርም። ሐምሌ 19 ለምትሄዱ ዝናብ ስላለ ቢያንስ አንድ ሜትር የሚወጣ በረንዳ ያለው ምረጡ፤ ጭቃ የነካው ጫማ የሚቀመጥበት ያስፈልጋል።

አዋሽ ፓርክ ተቃራኒው ነው። ሙቀት ስላለ ወለሉ ሰፋ፣ መስኮቱ በዛ ይበል፤ ለአንድ ሰው ከያዛችሁት ስፋት ላይ 10 ሳንቲ ጨምሩ። ከወንዙ ዳር ግን ራቁ፤ አዞ አለ። ባቢሌ በኩል መሬቱ ድንጋይ ስለሆነ ያለ ካስማ በዘንጉ ብቻ ራሱን ችሎ የሚቆም ድንኳን ውሰዱ። ወደ ዝሆኖቹ መጠለያ ለመግባት አስቀድማችሁ ፈቃድና ስካውት ጠይቁ፤ የት እንደሚተከል የሚያሳያችሁ እሱ ነው። ዝሆን የሚመላለስበትን መንገድ ከእናንተ ይልቅ እሱ ያውቀዋል።

6. ቁመቱን፣ በሩን፣ ጨርቁን ፈትሹ

መካከሉ ላይ ከ1.80 እስከ 1.90 ቁመት ይበቃል። ከዚያ በላይ የሆነው ለመልበስ ይመቻል፣ ነፋስ ግን ይይዛል፤ የነፋስ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሩን በጉልበት ሳይሆን ጎንበስ ብሎ የሚገባበት አድርጉት። አቦ፣ አያትን በእንብርክክ አታስገቡ! መስኮቶቹ በተቃራኒ ግድግዳዎች ላይ ይሁኑ፤ በአንድ በኩል ብቻ ያለ መስኮት አየር አያዘዋውርም፣ ጤዛውም አይቀንስም።

ጨርቁ ላይ 1,500 ወይም 3,000 ሚሊ ሜትር የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ያ ማለት በጨርቁ ላይ 1.5 ወይም 3 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ቢቆም ነው መፍሰስ የሚጀምረው ማለት ነው። ለጣራ 2,000 ይበቃል። ወለሉ ግን 3,000 እና ከዚያ በላይ ይሁን፤ ሰው ሲንበረከክ ከሥር ያለውን ውሃ በኃይል ስለሚጨምቀው።

ሱቅ ውስጥ አንዱ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ይዝጋ፣ ሌላው ከውጭ ባትሪ ስፌቱ ላይ ያብራ። የብርሃን ነጠብጣብ የሚታይበት ቦታ ሁሉ ዝናብ ይገባበታል። ዚፑን አሥር ጊዜ ክፈቱ፣ ዝጉ፤ ጥግ ላይ የሚጨናነቅ ዚፕ ሜዳ ላይ ይበጠሳል። ሻጩ ካጉረመረመ ሌላ ሱቅ አለ፤ የድሬዳዋ ገበያዎች ቀፊራም ታይዋንም ሰፊ ናቸው።

7. ካስማውን ራሳችሁ አሠሩ

ከድንኳን ጋር የሚመጣው እንደ እርሳስ የቀጠነ ካስማ ለሣር ሜዳ የተሠራ ነው። በእኛ አካባቢ ጠጠርና ደረቅ መሬት ላይ በሁለተኛው ምት ይታጠፋል። ብየዳ ቤት ሄዳችሁ ባለ 10 ፌሮ አንዱን በ50 ሳንቲ አስቆርጡ፤ ባለ 12 ሜትሩ ብረት 24 ካስማ ይወጣዋል። የእያንዳንዱን 10 ሳንቲ እንደ ከዘራ አስቆልምሙ፣ ሌላውን ጫፍ በሞላ (በብረት መሳያ ማሽን) አስሹሉት። 24ቱ አንድ ላይ 7 ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናሉ፤ ጭነት ስትደምሩ አትርሱት። የላይኛውን ጫፍ ቀይ ቀለም ቀቡ። ሌሊት እግር የሚመታው፣ ጠዋት ሣር ውስጥ የሚጠፋው እሱ ነው።

ሲተከል የካስማው ራስ ከድንኳኑ ወደ ውጭ ያዘነብላል፣ ሹሉ ጫፍ ወደ ድንኳኑ ይገባል። ገመዱና ካስማው ማዕዘን ሠርተው ሲገናኙ ነው አጥብቆ የሚይዘው። ቀጥ ብሎ የተመታ ካስማ ነፋስ ሲስበው እንደ ጥርስ ይነቀላል። ገመዱ ድንኳኑ ላይ የታሰረበት ከፍታ 1 ሜትር ተኩል ከሆነ ካስማውም ከግድግዳው 1 ሜትር ተኩል ይራቅ። ቦታ ከጠበበ እስከ 1 ሜትር ማቅረብ ይቻላል፤ ከዚያ በታች ግን ገመዱ ወደ ላይ ይስባል እንጂ ወደ ጎን አይወጥርም።

አሸዋ ላይ ካስማ ዋጋ የለውም። ማዳበሪያውን ግማሽ ድረስ አሸዋ ሙሉና አፉን በሲባጎ ቋጥሩ፣ ገመዱን ወገቡ ላይ እሰሩ፣ 40 ሳንቲ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩትና ረግጡት። ድንጋይ ላይ ከሆነ ደግሞ ገመዱን ትንሽ ድንጋይ ላይ አስራችሁ ትልቁን ከፊቱ ጫኑበት፤ ሲሳብ ትንሹ ትልቁን ይደገፋል።

8. መኪናው ይችላል?

የድንኳን ልክ መኪና ላይም ይለካል። በፋይበር ዘንግ የሚቆም ባለ 6 ከ7 እስከ 9 ኪሎ ነው፣ ከኋላ ኮፈን ውስጥ ይገባል። የወፍራም ሸራና የብረት ምሰሶ ያለው ከ30 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ምሰሶው ከ1 ሜትር በላይ ስለሚረዝም ፖርቶ መጋላ (የጣራ ዕቃ መጫኛ) ላይ ይወጣል። የአብዛኛው የቤት አውቶሞቢል ጣራ የሚሸከመው ከ50 እስከ 75 ኪሎ ብቻ ነው፣ የፖርቶ መጋላው ክብደት ራሱ ተቆጥሮ። የመኪናችሁን መጽሐፍ ተመልከቱ።

ውሃ ታች፣ ፍራሽ ላይ። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 40 ኪሎ ነው፤ ይህን ጣራ ላይ አስቀምጦ የዴንገጎን ዳገት ጥምዝ መውጣት መኪናውን ያንገዳግዳል። ጀሪካኑንና ካስማውን ከኋላ ወንበር ጀርባ ወለሉ ላይ አድርጉ፣ ስፖንጁን ከላይ። ስፖንጅ ቀላል ነው፣ ነፋስ ግን ስለሚያነሳው ከፊትና ከኋላ በሁለት ገመድ ይታሰር፤ በአንድ ገመድ መሃሉን ማሰር አይበቃም። ስትመለሱ ዴንገጎን በፍሬን ብቻ አትውረዱ፤ በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ። የሞላ መኪና ፍሬን በተከታታይ ሲያዝ ይግልና መያዙን ይተዋል።

9. ጉዞው ሳይደርስ ግቢ ውስጥ ትከሉት

ቢያንስ ከሳምንት በፊት። ሙሉ ቤተሰቡ ይትከለው፣ ሰዓት ያዙ፤ ከ30 ደቂቃ በላይ ከፈጀ እንደገና። ምሽት ስለምትደርሱ በባትሪ ብርሃንም አንዴ ሞክሩት። ከዚያ በውሃ ጎማ ለ15 ደቂቃ ከላይ እርጩበት። የጥጥ ሸራ የሆነ አዲስ ድንኳን በመጀመሪያው ቀን ስፌቱ ላይ ሊያንጠባጥብ ይችላል፤ ክሩ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ደርቆ ሁለተኛ ጊዜ ሲረጠብ ይቆማል። አሁንም ካንጠባጠበ ስፌቱን በሰም እሹት። ፖሊስተር ከሆነ ግን አያብጥም፤ የሚያፈስ ስፌት መደፈኛ ማጣበቂያ ይፈልጋል።

የላስቲክ ሸራውንም ዛሬ ቁረጡት። ከድንኳኑ ወለል በየጎኑ 10 ሳንቲ ይነስ። ተርፎ የወጣ ሸራ ዝናቡን ተቀብሎ በቀጥታ ከእናንተ ሥር ያስገባዋል፤ «ሸራ አንጥፈን ነበር እኮ፣ ግን ረጠብን» የሚባለው ለዚህ ነው።

10. ቦታው ላይ

መጀመሪያ ባዶ መሬት ላይ ተጋደሙ። ራሳችሁ ወደ ታች ከተንሸራተተ መሬቱ ተዳፋት ነው፤ ራስ ወደ ላይኛው በኩል ይሁን። በሩን ከነፋሱ አዙሩት። ባሕር ዛፍ ሥር አትትከሉ፣ ቅርንጫፉ ሳይታሰብ ይወድቃል፤ ግራር ሥር ከሆነ እሾሁን በእጅ ሳይሆን በቅጠል ጥረጉ፣ ሁለት ጊዜ። ሰው በበዛበት ቦታ ጣራው ላይ ከሩቅ የሚታይ ቀለም ያለው ጨርቅ እሰሩ፤ በሌሊት ድንኳን ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። በየልጁ ኪስ የወላጅ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይግባ።

ማስጠንቀቂያ

ከሰል ድንኳን ውስጥ አይገባም። ለቡናም ቢሆን፣ ጭሱ ወጥቶለት ፍም ቢሆንም፣ «ትንሽ ሙቀት እንዲሰጠን» ቢባልም። ፍም የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ መጀመሪያ ራስ ያሳምማል፣ ያንቀላፋል፣ ከዚያ የተኛ ሰው አይነሳም። ቡናውን ውጭ አፍሉ፣ ማንደጃውን ውሃ አፍስሱበት፣ ውጭ ይደር። አንድ ሰው ድንኳን ውስጥ ራሱን ካዞረው ሁሉንም ወዲያው ወደ ውጭ አውጡና ወደ ጤና ተቋም ውሰዱ።

ጧፍና ሻማም እንዲሁ። ፖሊስተር እሳት ሲነካው ቀልጦ ይንጠባጠባል፤ የቀለጠው ጠብታ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ጧፉን ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ላይ አብሩ፣ ውስጥ ባትሪ ይበቃል።

ደረቅ የወንዝ አሸዋ ላይ አትተኙ። ልሙጥ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ድንጋይ የለውም፤ ለዚህም ነው ሰው የሚመርጠው። እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ኮከብ ሞልቶት ደጋው ላይ ዝናብ ከወረደ ውሃው በሌሊት ይደርሳል። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ያደረሰውን ድሬ አትረሳውም።

ሥጋና አጥንት ድንኳን ውስጥም ድንኳን አጠገብም አይደር። ጅብ ሽታ ይከተላል፤ ድንኳን ደግሞ ለጅብ ግድግዳ አይደለም። የተረፈው ምግብ በክዳን ተዘግቶ መኪና ውስጥ ይግባ።

ቀን ላይ ዚፑ የተዘጋ ድንኳን ውስጥ ልጅ አታስተኙ። ፀሐይ ያረፈበት ድንኳን ከውጭው አየር በላይ ይሞቃል፤ በአዋሽ ቆላ ይህ አደጋ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

«ልጆቹ ያድጋሉ» ብሎ በጣም ትልቅ መግዛት። ልጁ እስኪያድግ የድንኳኑ ጨርቅ በፀሐይ ይሳሳል። ለአሁኑ ቤተሰብ ግዙ፤ ሲያድጉ ባለ 3 ትጨምሩላቸዋላችሁ፣ እነሱም የፈለጉት እሱን ነው።

መስኮቱን ሁሉ መዝጋት። ብርድ ነው ተብሎ ሁሉም ከተዘጋ ንጋት ላይ ብርድ ልብሱ ረጥቦ ይገኛል፤ የረጠበ ብርድ ልብስ ደግሞ አያሞቅም። ላይኛው መስኮት ሁልጊዜ አራት ጣት ያህል ክፍት ይደር።

ገመድ አለመወጠር፣ «ነፋስ የለም» ብሎ። ነፋሱ የሚመጣው ሁሉም ሰው ከተኛ በኋላ ነው፤ በዚያ ሰዓት መዶሻ ፈልጎ የሚያገኝ የለም።

ወለሉ ውስጥ ጫማ ይዞ መግባት። አንድ ጠጠር ከፍራሽ ሥር ሲገባ የወለሉን ሸራ ይበሳል። በሩ ላይ ማዳበሪያ አንጥፉ፣ ጫማ እዚያ ይቅር።

እርጥቡን ጠቅልሎ ማስቀመጥ። ይህ ብዙ ድንኳን የሚገድለው ስህተት ነው። ከቁልቢ ጠዋት ስትነሱ ጤዛው ገና አልደረቀም፣ ጊዜም የለም፣ ስለዚህ ጠቅልላችሁ ትጭናላችሁ፤ ያ ችግር የለውም። ቤት እንደገባችሁ ግን በዚያው ቀን ግቢ ውስጥ ገመድ ላይ ስቀሉት። የድሬ ሙቀት ውስጥ በርጥበት ተጠቅልሎ የከረመ ሸራ በጥቂት ቀን ውስጥ ይሻግታል፤ የሻገተው ቦታ ቢታጠብም ውሃ መከላከሉ አይመለስም። በጥላ ይድረቅ፣ በፀሐይ አይደለም። ከደረቀ በኋላ ለቀቅ ተደርጎ ተጠቅልሎ ቆርቆሮ ጣራ በማይነካው ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ፣ ካስማዎቹ ደግሞ በሌላ ከረጢት፤ የፌሮ ጫፍ ከሸራ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ ሲጓዝ ቀዳዳውን ራሱ ይሠራዋል።